ጡረታን በገጠር፦ ከእንግሊዝ መንደሮችና ከእምድብር ዙሪያ የታዘብኩት

እንግሊዝ አገር ከተማ ውስጥ ሠርቶ ያረጀ ሰው የቤቱን ዕዳ ከፍሎ ሲጨርስና የጡረታ ጊዜው ሲቃረብ ዓይኑን የሚጥለው ገጠር ላይ ነው። አቅሙ ከፈቀደለት ለንደን ወይም በርሚንግሃም ያለውን ቤቱን ሸጦ ዴቨን፣ ኖርፎክ ወይም ሄርፎርድሺር ውስጥ ጓሮ ያለው አነስ ያለ ቤት ይገዛና ቀሪ ዘመኑን በዚያ ለማሳለፍ ያቅዳል። የእኛ ከተሜ ግን ጡረታ ሲወጣ ገጠር መግባትን ብዙውን ጊዜ እንደ መገፋት ይቆጥረዋል፤ ገጠሩ ለመስቀል የሚኬድበት፣ ለቅሶ የሚደረስበት፣ አንዳንዴም አስከሬን የሚሸኝበት እንጂ ሃያ ወይም ሠላሳ ዓመት በደስታ የሚኖርበት ስፍራ ሆኖ አይታሰበውም። እኔ በምዕራብ እንግሊዝ ገጠር አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ የመንከባከብ ሥራ ስለምሠራ፣ አባቴም ከአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቱ ጡረታ ወጥቶ በጉራጌ ዞን እምድብር አቅራቢያ ወዳለው የትውልድ መንደሩ ስለተመለሰ፣ የሁለቱን አገር የገጠር እርጅና ጎን ለጎን የማየት ዕድል አግኝቻለሁ። ካየሁት ተነሥቼ የማምነው፣ ገጠር ረጅምና ንቁ ዕድሜ የሚሰጠው የሚሠራውን ሥራና የሚፈልገውን ሰው አስቀድሞ አውቆ ለሚገባበት መሆኑን ነው። ሥራው ግን በፈቃድ የሚሠራና አቅምን የማይጨርስ መሆን አለበት፤ በዚህ በኩል ሁለቱም አገሮች የየራሳቸው ጉድለት አለባቸው።

የገንዘቡን ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ ሌላው ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነውና። በእንግሊዝ የመንግሥት የእርጅና ጡረታ መከፈል የጀመረው እ.ኤ.አ. በጥር 1909 ሲሆን፣ ዕድሜያቸው 70 ለሞላ ድሆች በሳምንት እስከ 5 ሺሊንግ ይሰጥ ነበር። መነሻ ዕድሜው በኋላ 66 ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. ከ2026 እስከ 2028 ባለው ጊዜም ደረጃ በደረጃ ወደ 67 ከፍ እንዲል ተወስኗል። ሙሉውን ክፍያ ለማግኘት በአብዛኛው የ35 ዓመት መዋጮ ያስፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ክፍያው በሳምንት 230 ፓውንድ ገደማ ነበር። በዚያ አገር ኑሮ ይህ ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ ሆኖም የእርሻ ሠራተኛ የነበረውም፣ የሱቅ ሻጭ የነበረችውም፣ መሐንዲስ የነበረውም መዋጮአቸውን እስከከፈሉ ድረስ ያገኙታል። በእኛ አገር የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል፤ የግል ድርጅት ሠራተኛው በአዋጅ የጡረታ ዐቅድ ውስጥ የገባው ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ የዘወትር አበል ለማግኘትም ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ይጠይቃል። ገጠሩን የያዘው አርሶ አደር ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ በእርጅናው የሚደገፈው በልጆቹ፣ በእንሰቱና በባሕር ዛፉ ነው። አባቴ በመንደሩ ካሉት እኩዮቹ መካከል በየወሩ ቁርጥ ያለ ገንዘብ ከሚያገኙት ጥቂቶች አንዱ ነው፤ አበሉ በአዲስ አበባ የቤት ኪራይ እንኳ የማይሸፍን ሆኖ ሳለ፣ እዚያ ግን ያለ ጭንቀት ለመኖር አስችሎታል። ብዙ የከተማ ጡረተኞች ይህን ስሌት ቁጭ ብለው ቢሠሩት ገጠርን እንደ ውርደት የሚያዩበት ዓይን ይለወጥ ነበር ብዬ አስባለሁ።

በእንግሊዝ መንደሮች ውስጥ በጣም የማደንቀው፣ ጡረተኛው ሳይከፈለው የሚሠራው ሥራ ብዛት ነው። የአጥቢያው ምክር ቤት አባላት አብዛኛዎቹ ጡረተኞች ናቸው፤ የመንደሩን አዳራሽ ቁልፍ የሚይዙት፣ ጣራው ሲያፈስ ገንዘብ የሚያሰባስቡት፣ መኪና የሌለውን ጎረቤት ሆስፒታል የሚያደርሱት፣ አንዳንድ ቦታም ሊዘጋ የነበረውን የመንደር ሱቅና ቤተ መጻሕፍት በተራ የሚጠብቁት እነርሱ ናቸው። በብሪታኒያ ምድር መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1915 በዌልስ ተቋቁሞ ወደ እንግሊዝ የተስፋፋው የገጠር ሴቶች ማኅበር ዛሬም በየወሩ ይሰበሰባል፤ እ.ኤ.አ. በ1982 የተጀመረው የጡረተኞች የመማማሪያ ማኅበርም ያለ ፈተናና ያለ ዲፕሎማ ታሪክ፣ ቋንቋ፣ ሥነ ከዋክብትና ሥዕል እርስ በርስ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1908 የወጣ ሕግ ደግሞ ስድስት የአካባቢ ነዋሪዎች የአትክልት ቦታ እንዲሰጣቸው በጽሑፍ ከጠየቁ የአካባቢው ምክር ቤት ጥያቄያቸውን የመመልከት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። በዚህ መንገድ በርካሽ ኪራይ የሚገኘው፣ በተለምዶ 250 ካሬ ሜትር ያህል የሚሆነው መሬት፣ ለብዙ አረጋውያን ከመድኃኒት በላይ ነው። ሰውዬው ማለዳ ተነሥቶ ድንቹን ይኮተኩታል፣ ከአጠገቡ ካለው ሰው ጋር ስለ ቀንድ አውጣ ይማከራል፣ የተረፈውን ጎመን ለጎረቤት ያድላል። ጎንበስ ቀና ማለቱ፣ ውኃ መሸከሙና አካፋ መርገጡ ጡንቻውንና ሚዛኑን ይጠብቅለታል። የአገሩ የጤና ባለሥልጣናት ለአረጋውያን የሚመክሩት በሳምንት 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ በሁለት ቀን ጉልበትንና ሚዛንን የሚያጠነክር ሥራ ነው፤ ይህን ልክ አትክልተኛው ሳያስበው ያሟላዋል።

የእግር መንገዱም ሌላ ጸጋ ነው። በእንግሊዝ ገጠር በግለሰብ እርሻ መካከል እንኳ ሕዝብ በሕግ የሚያልፍበት የቆየ የእግር መንገድ አለ፤ ባለመሬቱ ሊዘጋው አይችልም። ከምንከባከባቸው ሰዎች አንዱ የባቡር ሐዲድ መሐንዲስ የነበሩ ሽማግሌ ሲሆኑ፣ ጉልበታቸው ተቀዶ እስኪታከም ድረስ ከጓደኞቻቸው ጋር በየሳምንቱ እየወጡ በእነዚህ መንገዶች ላይ ያለውን የእንጨት መሻገሪያ ይጠግኑ ነበር። ከሆስፒታል ሲመለሱ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ሕመማቸው አልነበረም፤ ወንዙ ዳር ያለው መሻገሪያ ተሠርቶ እንደሆነ ነበር። ሐኪሙ ያዘዘላቸውን የእግር ማፍታቻ እንቅስቃሴ አንድም ቀን ሳያስታጉሉ የሠሩት ወደዚያ ሥራ ለመመለስ ብለው መሆኑን አልጠራጠርም።

ይሁን እንጂ ይህ ኑሮ በአንድ ነገር ላይ ተንጠልጥሎ የቆመ ነው፤ እርሱም መኪና ነው። መንጃ ፈቃዱ ሰባ ዓመት ሲሞላ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ በየሦስት ዓመቱ እየታደሰ ይቀጥላል። ዓይን ሲደክም ወይም የሚጥል በሽታ ሲመጣ ግን መንዳት ይቀራል። የጡረታ ዕድሜ የደረሰ ሰው በአውቶቡስ በነጻ የመሳፈር መብት አለው፤ በሥራ ቀናት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ ያለ ክፍያ ይሄዳል። በብዙ መንደሮች ግን አውቶቡሱ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ነው፣ አንዳንዱ ጋም ፈጽሞ ቀርቷል። ከከተማ ጡረታ ሲወጡ የመጡ ባልና ሚስት፣ ሁለቱም ጤነኛ ሳሉ የመረጡት ከዋናው መንገድ የራቀ ውብ ቤት፣ አንደኛው ሲሞት ለሌላው እስር ቤት ሲሆንበት ደጋግሜ አይቻለሁ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ገና በአሥር ሰዓት ትጠልቃለች፤ በሩን የምታንኳኳው እንክብካቤ ሰጪ ብቻ የሆነችባቸው ቀናት ይመጣሉ። የብሪታኒያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 ለብቸኝነት ጉዳይ ኃላፊ የሆነ ሚኒስትር እስከ መሰየም የደረሰው ችግሩ በከተማም በገጠርም ሥር ስለሰደደ ነው። በእኔ ግምት በዚያ አገር ገጠር ከሚጎዱት ውስጥ አብዛኛዎቹ ዘግይተው የመጡት ናቸው፤ በሃምሳዎቹ ዕድሜያቸው መጥተው በመንደሩ ጉዳይ የገቡት፣ አካላቸው ሲደክም ዙሪያቸውን የከበባቸው ሰው አለ፤ በሰባ አምስት ዓመታቸው ለጸጥታ ብለው የመጡት ግን ከጸጥታው በቀር የሚያገኙት ጥቂት ነው።

እምድብር ዙሪያ ያለው መንደር ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ጉራጌ መንደሩን የሚሠራው በጀፎረ ግራና ቀኝ ነው፤ ጀፎረ ሣር የለበሰ፣ ሰፊና የጋራ የሆነ መንገድ ሲሆን ማንም ቆርሶ ወደ ግቢው እንዳያስገባው በባህላዊ ሕግ የተጠበቀ ነው። ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ሠርግና ለቅሶ ይሰበሰብበታል፤ ቤቶቹም ፊታቸውን ወደ እርሱ አዙረው ስለተሠሩ፣ ከደጁ የወጣ ሽማግሌ ወዲያው ሰው መካከል ነው። አባቴ ማለዳ ሲወጣ ድምፁ ያልተሰማ ሰው ካለ ይነገረዋል፤ እርሱ ሳይወጣ ከዋለ ደግሞ ደጁን ሳይጠይቅ የሚያልፍ የለም። ይህን የሚያደርግ ፕሮጀክትም ሆነ በጀት የለም፤ የሰፈሩ አሠራር ራሱ ያደርገዋል። የእንግሊዝ መንደር ፕላን አውጪዎች ለአረጋውያን የሚመች መንደር ሲሉ የሚመኙት ነገር ከብዙ ዘመን በፊት እዚያ ተሠርቶ ቆሟል፤ ስለዚህም ጀፎረው በአጥርና በቆርቆሮ እየተቆረሰ ሲጠብ ማየት ያሳዝነኛል።

ሥራውም ቢሆን ሳይፈለግ ይመጣል። አባቴ በመጣ ሰሞን ወዲያው የዕድሩ ጸሐፊ አድርገው መረጡት፤ ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ሒሳብ የሚያውቅና ጊዜ ያለው ሰው በመንደሩ ይፈለግ ነበርና። ከዚያም ለሽምግልና ይጠሩት ጀመር፤ የድንበር ክርክር፣ የባልና ሚስት ጠብ፣ የውርስ ጉዳይ እየመጣለት ከሌሎች አባቶች ጋር ዛፍ ሥር ይውላል። የሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎና ቂጫ የሚባለው ባህላዊ ሕጉ ከፍ ያለውን ጉዳይ ይመለከታሉ፤ በየመንደሩ ያለው ዳኝነት ግን በእነዚህ ሽማግሌዎች ትከሻ ላይ ነው። የእርጅና ዘመን አእምሮ ይበልጥ የሚጠነክረው እንዲህ ባለው ጉዳይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ የሰውን ቃል ሰምቶ ማስታወስ፣ ማመዛዘን፣ ቃል መምረጥ፣ ተቆጥቶ የመጣውን ማብረድ ቀላል ሥራ አይደለም። አዲስ አበባ ሳለ ጡረታ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ መድከሙና ሳይታወቀው መቆጣቱ ያሳስበን ነበር። አሁን ስልክ ስደውልለት ለረጅም ጊዜ የማያናግረኝ፣ ሰዎች እየጠበቁት ስለሆነ ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ሙሉ ምስጋና ማቅረብ አልችልም፤ ምክንያቱም ስለ አባቴ የተናገርኩት ሁሉ ስለ አክስቴ አይሠራም። እርሷ ከአባቴ ጥቂት ዓመት ብትበልጥም ጡረታ የሚባል ነገር አያውቃትም። እንሰት ከተተከለ በኋላ ለመድረስ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ሲደርስም ሥሩንና ግንዱን መቁረጥ፣ ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ እያስደገፉ በቀርከሃ መፋቅ፣ ማብላላትና መጭመቅ የሴቶች ሥራ ነው። ይህ ወገብን የሚሰብር ሥራ ነው፤ የሰባ ዓመት ሴት ስትሠራው ማየትን ንቁ እርጅና ብዬ ልጠራው ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። ውኃ መቅዳቱም፣ እንጨት መልቀሙም እንዲሁ ነው። ውጭ ከምንኖረው አንዳንዶቻችን የእናቶቻችንን ብርታት እያነሣን፣ በዘጠና ዓመቷ ትራመዳለች፣ ጥርሷ አልወለቀም እያልን እንኮራለን፤ የምትራመደው ግን አማራጭ ስላጣች ሊሆን እንደሚችል አናስብም። እንግሊዛዊቷ ጡረተኛ አካፋዋን ወገቧ ሲያማት ታስቀምጠዋለች፤ ጎመኗን ከሱቅ ትገዛለች። አክስቴ ሳንቃውን ብታስቀምጠው ቤተሰቡ ቆጮ አይኖረውም። እንቅስቃሴ ጤና የሚሆነው ሲበቃ ማቆም በሚቻልበት ቦታ ነው፤ ይህን ነፃነት ለሴቶቹ ያልሰጠ ገጠር፣ ለሽማግሌዎቹ ምንም ያህል ቢመች፣ ጥሩ የጡረታ ቦታ ነው ለማለት ይከብዳል።

ሁለተኛው ጉድለት ሕክምናው ነው። በእንግሊዝ ከ40 እስከ 74 ዓመት ያለ ሰው በየአምስት ዓመቱ የደም ግፊቱን፣ የኮሌስትሮሉንና የስኳር በሽታ ሥጋቱን በነጻ እንዲመረመር ይጠራል፤ ግፊቱ ከፍ ካለ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ይሰጠዋል። ዕድሜው 60 ከሞላ የመድኃኒት ማዘዣም አይከፍልም። በእኛ ገጠር የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ሠራተኞችን አሰማርቶ ለእናቶችና ለሕፃናት ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም ተስፋፍቶ፣ አርሶ አደሩ በዓመት በሚከፍለው መዋጮ ቤተሰቡን እንዲያሳክም አስችሎታል። ለአረጋውያን ግን የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ አሁንም የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ ሰውዬው ወድቆ ሲመጣ ነው። የአባቴ ግፊት የታወቀው ከአዲስ አበባ ሳይወጣ ስለሆነ ዕድለኛ ነው፤ በአጣጥ ሆስፒታልም ሆነ በወልቂጤ መድኃኒት ለማግኘት አቅሙ አለው። ጎረቤቱ የሆኑት ሽማግሌ ግን ዓይናቸው በሞራ ተጋርዶ ለዓመታት ከቤት ሳይወጡ ኖረዋል። የዓይን ሞራ በአገራችን የዓይነ ስውርነት ቀዳሚ ምክንያት ሲሆን፣ በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚመለስ ነው። ተንቀሳቃሽ የሐኪሞች ቡድን መጥቶ አንድ ዓይናቸውን ሲሠራላቸው ወደ ሽምግልናው ሸንጎ ተመለሱ፤ እርጅና ጣላቸው ሲባል የነበሩት ሰው የጎደላቸው የዓይን ሐኪም ብቻ ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን ድጋፍ እንደሚያደርግ ይናገራል፤ ይህ ድንጋጌ በገጠር መጀመሪያ ሊታይ የሚገባው በዓይን ሕክምናና በግፊት መድኃኒት ነው ብዬ አምናለሁ።

ውጭ አገር ያለን ደግሞ ለራሳችን ጡረታ የምናቅድበት መንገድ ያሳስበኛል። ለንደን ያለ የእኔ ትውልድ የሆነ ሰው ገጠር የትውልድ ቦታው ላይ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ይሠራል፣ በከፍተኛ አጥር ያጥረዋል፣ ዘበኛ ያስቀምጥበታል፤ ራሱ ግን በዓመት ለመስቀል ሰሞን ብቻ ይመጣል። መሬቱ በሕግ የማይሸጥ የማይለወጥ፣ ይዞታውም ብዙውን ጊዜ የወንድሙ ወይም የወንድሙ ልጅ ስለሆነ፣ ቤቱ ካለቀ በኋላ የቤተሰብ ክርክር ይነሣል። ከሁሉ የከፋው ግን ሰውዬው በሰባ ዓመቱ ጠቅልሎ ሲገባ ጀፎረው ላይ በስሙ የሚጠራው እኩያ ጥቂት መሆኑ ነው። ሊታወቁ የሚገባቸው የአሠራር ጉዳዮችም አሉ። የብሪታኒያ የመንግሥት ጡረታ ወደ ኢትዮጵያ ይላካል፤ ነገር ግን ሁለቱ አገሮች የማስተካከያ ስምምነት ስለሌላቸው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚኖር ተቀባይ ክፍያው በየዓመቱ ሳይጨመርለት በነበረበት ይቆማል። የነጻ ሕክምናው መብትም በመኖር ላይ የተመሠረተ ነው፤ ጠቅልሎ የወጣ ሰው ሲታመም ተመልሶ እታከማለሁ ብሎ መተማመን አይችልም። ይህን ሳያውቁ የገቡ ሰዎች ከጥቂት ዓመት በኋላ ተመልሰው ለንደን ውስጥ በአንድ ክፍል ሲኖሩ አውቃለሁ።

የተሳካላቸውም አሉ። ከመንደራችን የወጡ አንድ ባልና ሚስት ገና በሥራ ላይ ሳሉ ፈቃዳቸውን እያጠራቀሙ፣ ለበዓል ብቻ ሳይሆን ሥራ በሚበዛበት ወራትም እየሄዱ ይቆዩ ነበር። ዕድር ገብተው መዋጮአቸውን ሳያቋርጡ ከፈሉ፤ ቤታቸውንም ባለ አንድ ፎቅ እንኳ ሳያደርጉ፣ ደጁን ወደ ጀፎረው ከፍተው፣ መታጠቢያውን ለሚደክም ጉልበት እንዲመች አድርገው ሠሩት። ባልየው ዛሬ ተማሪዎችን ከሰዓት በኋላ ሒሳብ ያስጠናሉ፣ የዛፍ ችግኝም ያፈላሉ። ሚስትየው ደግሞ ሲመጡ የሴቶቹን ድካም አይተው፣ የአካባቢውን ሴቶች አሰባስበው በጋራ የእንሰት መፋቂያ ማሽን አስገዙ፤ አክስቴም ከተጠቃሚዎቹ አንዷ ናት። ማሽኑ ባለፈው ዓመት ተበላሽቶ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ ሴቶቹ ወደ ሳንቃው ተመልሰው ነበር፤ አሁን የሴትየዋ የዕለት ሥራ አንድ የወልቂጤ ወጣት መካኒክ ጥገናውን እንዲማር ማስተባበርና የሚከፈለውን ገንዘብ ከማኅበርተኞቹ መሰብሰብ ሆኗል።